የቤት ፍተሻ ፈተና ሁለት ጊዜ ጣለኝ፤ ያውም ሲቪል መሐንዲስ ሆኜ

ክፍል፦ ሥራና ሙያ

የጊንጆው ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ጅማ ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ አራት ዓመት ሳይት ላይ ሠርቻለሁ። ፌሮ ሲታሰርና ሶሌታ ሲሞላ አጠገቡ ቆሜ ያመሸሁበትን ቀን ቁጥሩን አላውቀውም። ባለቤቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስለሆነች ጉዳዬ ሲያልቅ ወደዚያ እሄዳለሁ። እዚያ ዲግሪ እስኪመዘን ከመጠበቅ ይልቅ ቶሎ ሥራ ላይ የሚያቆመኝ የቤት ፍተሻ ነው አለችኝ። ሰው ቤት ከመግዛቱ በፊት ከጣሪያ እስከ መሠረት አይቶ፣ ያየውን ጽፎ ለገዢው የሚሰጥ ባለሙያ ማለት ነው።

«ይህማ የእኔ ሥራ ነው» ብዬ ገባሁበት። ኢንተርናቺ የሚባለው የባለሙያዎቹ ማኅበር በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጠው ፈተና አለ። 120 ጥያቄ ሲሆን ማለፊያው 80 በመቶ ነው። መጀመሪያ ሳልዘጋጅ ገብቼ 66 በመቶ አመጣሁ። ሦስት ሳምንት አንብቤ ተመለስኩና 73። በማሞቂያ ምድጃ ጥያቄ ብሳሳት አይገርመኝም፤ በረዶ የማውቀው በጥር የሚወርደውን ሳይሆን በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ነው። ያሳፈረኝ የመዋቅሩ ክፍል ነው። የተሳሳትኩባቸውን መለስ ብዬ ሳስባቸው ግማሹ ስለ መሠረትና ስለ ግድግዳ ነበር። በመሠረት ጥያቄ እኔ ልውደቅ?

ይህን ያለፈ ወይም ሙያውን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ መንገዱን ጠቁሙኝ።

ቆርቆሮ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡32

ጅማ ላይ የቤት ፈተና የሚሰጠው ሐምሌ ነው። በነሐሴ ውጤቱን ኮርኒስህ ላይ ትለጥፈዋለህ።

ከፈረንጅ አራዳ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ የአገሬ ልጅ ስትሆን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ተወልጄ ያደግሁት ፈረንጅ አራዳ ነው፤ አሁን እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ፈተናዎች አትቀላቅላቸው። አንተ የወደቅኸው የማኅበሩን ነው፤ እንደ ልምምድ ቁጠረው። ፈቃድ የሚያስገኝልህ ብሔራዊው የቤት ፍተሻ ፈተና የሚባለው ነው። 200 ጥያቄ ሲሆን 4 ሰዓት ይሰጥሃል። ከ200ዎቹ 25ቱ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ማንም አይነግርህም። ስለዚህ አይተኸው የማታውቀው ጥያቄ ቢመጣ ልብህ አይቁረጥ። ውጤቱ በመቶኛ አይሰጥም፤ ከ200 እስከ 800 በሚሄድ መለኪያ ነው፤ 500 ካመጣህ አለፍክ። ከወደቅህ 30 ቀን ጠብቀህ እንደገና ትከፍላለህ። ሜሪላንድ ከዚህ ሌላ የ72 ሰዓት ትምህርት ትጠይቅሃለች። ካሊፎርኒያና ኮሎራዶ ደግሞ ጭራሽ የሙያ ፈቃድ አይጠይቁም፤ ባለቤትህን ወደዚያ ትዛወር ብትላት ግን ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የጣለህ መሐንዲስነትህ ይመስለኛል። ከተሳሳትክባቸው አንዱን ንገረኝ። ጥያቄውን ቃል በቃል አታምጣው፤ ተገቢ አይደለም። ሁኔታውንና አንተ የመረጥከውን ብቻ።

የጊንጆው ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡21

አመሰግናለሁ ጋሼ። አንዱ እንዲህ ነው። የምድር ቤት ግድግዳ አለ፤ በቁመቱ መሃል ላይ አግድም የሄደ ስንጥቅ ይታያል፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ትንሽ ገፋ ብሏል። ምክንያቱ ከውጭ የሚገፋው አፈርና ውሃ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከምርጫዎቹ ውስጥ በግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ግፊት መገመትና የማጠናከሪያ መፍትሔ ማቅረብ የሚል ነበር። እሱን መረጥኩ። ተሳሳትኩ። አሁንም ስህተቱ አልገባኝም፤ እኔ ያን ማስላት እችላለሁ።

ከፈረንጅ አራዳ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡40

ይኸውልህ! ማስላት መቻልህን ማን ጠየቀህ?

የዚህ ሙያ ደንብ የሚጀምረው ማድረግ ከማይጠበቅብህ ነው። ፍተሻው በዓይን ነው፤ ምንም ነገር አይፈርስም፣ አይቦረቦርም። የቤት ዕቃ ማንቀሳቀስ አይጠበቅብህም። አደገኛ ከሆነ ጣሪያ ላይ መውጣት አይጠበቅብህም። ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ አትናገርም፤ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ አትተነብይም፤ የግንባታ ሕጉን ያሟላል አያሟላም ብለህ አትፈርድም። አግድም ስንጥቅ ስታይ አየሁት ትላለህ፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ትጽፋለህ፣ ከዚያ «የመዋቅር መሐንዲስ ይየው» ትላለህ። መሐንዲሱ አንተው ብትሆንም እንኳ በዚያ ሰዓት የለበስከው ሌላ ካባ ነው።

አንተ ጥያቄውን ስታነብ ሳይት ላይ ቆመህ «ምን ላድርገው?» ትላለህ። የሚጠይቅህ «ምን አየህ? ለማን ትነግራለህ?» ነው። ይህን ካስተካከልክ ያለ ተጨማሪ ንባብ አምስት ነጥብ ታገኛለህ። የማሞቂያውንና የእንጨት ቤቱን ግን ቁጭ ብለህ ማንበብ አለብህ፤ ለእሱ አቋራጭ የለውም። የእነሱ ቤት አጥንቱ እንጨት ነው። ብሎኬትና ኮለን የለመደ ዓይን መጀመሪያ ምኑን ከምኑ እንደሚለይ አያውቅም።

ዋስትና ገማች
ሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጅማ ውስጥ ባንክ ነው የምሠራው፤ ለብድር ዋስትና የሚያዙ ቤቶችን እገምታለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሙያ አገር ቤት ቢመጣ ደንበኛው ማነው? እኔ ካርታ አያለሁ፣ ስፋት እለካለሁ፣ የግንባታ ደረጃ እመድባለሁ፣ ዋጋ አወጣለሁ። ምሰሶው በምስጥ ተበልቷል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሕጉም ቢሆን ፊቱን ያዞረው ወደ አዲሱ ግንባታ ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ተራው መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ውስጥ ይወድቅ ነበር፤ ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያው፣ ፋብሪካውና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነበር። የሕንፃ ሹሙ ፕላን ያጸድቃል፣ ግንባታውን ይከታተላል። ከ30 ዓመት በፊት በጭቃ የተሠራ ቤት ዛሬ በደላላ ሲሸጥ ገዢውን ወክሎ ግድግዳውን የሚያይለት ግን አላየሁም። ክፍያውን ማን ይከፍላል? ገዢው እንደሆነ ገንዘቡን አራግፎ ነው የሚመጣው።

አባ ቱምቢ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡50

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ነው የምትጽፍልኝ፤ እኔ እናገራለሁ።

የባንኩ ልጅ ለገዢ የሚያይለት የለም አለ። እኔ ታዲያ ማን ነኝ? 38 ዓመት ግንበኛ ሆኜ ኖሬያለሁ። ቤት የሚገዛ ሰው ቀብድ ሳይከፍል ይጠራኛል። ክፍያው ቡና ነው፤ ቤቱ ደህና ከሆነ ምሳ ይጨመርበታል።

እኔ መጀመሪያ ቤቱን አላየውም። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። ጅማ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ከጅሬን ኮረብታ የሚወርደው ወደ አዌቱ ወንዝ ሲሄድ የማን ግቢ ውስጥ እንደሚያልፍ ካላወቅክ ቤቱን አላወቅከውም። ከዚያ አሸንዳውን አያለሁ። አሸንዳ የሌለው ቤት ከሆነ ከጣሪያው ጠርዝ በታች መሬቱን አያለሁ፤ ጠብታው የቆፈረው መስመር ከግድግዳው ስንት ክንድ ይርቃል? ቅርብ ከሆነ ወደ ውስጥ ሳልገባ የትኛው ግድግዳ እንደሚረጥብ እነግርሃለሁ።

ወደ ቦዬ በኩል ጥቁር አፈር አለ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በሩ ሐምሌ ላይ አልዘጋ ብሎ የካቲት ላይ በራሱ የሚዘጋ ከሆነ አናጢ አትጥራ። መሠረቱ ነው።

ያንን የፈረንጅ ፈተና አላውቀውም፤ ግን ያለ ውሃ የሚጠይቅ ከሆነ ፈተና አይደለም።

ፌዝና ኒውትራል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

አባቴ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር፤ እንጨትም በራሱ በእርጥበት ያብጣል። በር በክረምት መጥበቁ ብቻውን መሠረቱን አያስከስስም።

አባ ቱምቢ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

እውነት ብለሻል ልጄ። ለዚህ ነው ከበሩ በላይ ያለውን ጥግ የማየው። ከበሩ ጥግ ተነስቶ ወደ ኮርኒሱ በዘወርዋራ የወጣ ስንጥቅ ካለ አፈሩ ነው፤ ከሌለ እንጨቱ ነው። ስንጥቁ የሚያልቅበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግና ቀኑን ጻፍበት። ከሦስት ወር በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ገና እየሠራ ነው።

ፌዝና ኒውትራል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

አሁን ለባለ ጉዳዩ። የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ነኝ፤ ኤሌክትሪክ ነው የማስተምረው። የአሜሪካውን ፈተና ራሴ አልተፈተንኩም፤ ባለፈው ዓመት እዚያ የሄደ ተማሪዬ በስልክ ሲያስጠናኝና ሳስጠናው ነው የከረምነው። ለአበሻ ዓይን ወጥመድ የሆኑትን ልንገርህ።

እኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነን። እነሱ ለተራው ሶኬት 120፣ ለትልቁ ምድጃና ለልብስ ማድረቂያው 240፣ 60 ኸርዝ ናቸው። ቀለሙ ላይ ተጠንቀቅ፤ በእነሱ ጥቁርና ቀይ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው) ነው፣ ነጭ ኒውትራል (የሚመልሰው) ነው፣ አረንጓዴው ወይም ልብስ የሌለው መዳብ የመሬት ሽቦ ነው። ሰማያዊ ኒውትራል እያልን ላደግን ሰዎች እጅ ላይ ካልተለማመድነው በፈተና ሰዓት ይጠፋል።

መታጠቢያ ቤት፣ ኩሽና፣ ጋራዥና ውጭ ያለ ሶኬት ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት ማፍሰስ ሲጀምር የሚቆርጠው መከላከያ ይፈለጋል። እኛ ዘንድ የለመድነው በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠውን ነው፤ የእነሱ ሰው የሚጠብቀው በ5 አካባቢ ይቆርጣል። ዋናውን ሳጥን ሲከፍቱ በአንድ ብሬከር ሥር ሁለት ሽቦ ታስሮ ማየት በጣም የሚወዱት ጥያቄ ነው። ከ1965 እስከ 1973 በእነሱ አቆጣጠር የተሠራ ቤት ከሆነ የአልሙኒየም ሽቦ ሊኖረው ይችላል፤ መገጣጠሚያው ላይ ይላላል፣ ይግላል። ከ1978 በፊት የተቀባ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ዓመተ ምሕረቶቹን በወረቀት ጽፈህ በር ላይ ለጥፋቸው።

አንድ ደግሞ ከእኛው ቤት። መታጠቢያ ቤት ያለው ቦይለር ግፊት ሲበዛበት ውሃ የሚያወጣ ቫልቭ አለው። ሲንጠባጠብ ሰው ይሰለቸውና ጫፉን በቡሎን ይደፍነዋል። በዓይኔ ያየሁት ሦስት ቤት ነው። ይህ ቦምብ መሥራት ነው! በፈተናው ላይ የዚያ ቫልቭ ቱቦ ቁልቁል መውረድ አለበት፣ ጫፉ ጥርስ ሊኖረው አይገባም፣ መክደኛ አይገባበትም፣ ከወለሉ ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ ብሎ አያልቅም። ይህን ካወቅህ አንድ ጥያቄ በኪስህ ነው።

የጊንጆው ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ፣ እርስዎ የተናገሩት ስለ ውሃው ያሉት ነገር የመማሪያ መጽሐፌ ላይ አለ። ከቤቱ መሠረት እየራቀ ሲሄድ መሬቱ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲሜትር ገደማ መውረድ አለበት ይላል። ቁጥሩን ሸምድጄው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም።

አባ ቱምቢ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

መሸምደዱን ተወው። ቤት ሂድና እይ። የሚያውቅህ ሰው ቤት ይሁን። ከቤት እመቤቷ ወስፌ ተዋስ። እንጨት መሬት የሚነካበት ላይ ወጋ ወጋ አድርግ። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሰዋል፤ የታመመ ይውጠዋል።

ከፈረንጅ አራዳ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። እኔም እዚህ በቦርሳዬ ውስጥ ጠመንጃ መፍቻ የምትመስል ሹል ብረት ይዤ ነው የምዞረው፤ ሥራዋ የወስፌ ነው። እይና ሪፖርት ጽፈህ እዚህ አምጣው። ሦስት ነገር ብቻ፤ ያየኸው፣ ሊያስከትል የሚችለው፣ ቀጥሎ ማን ምን ያድርግ።

የጊንጆው ልጅ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡30

እነሆ። የአክስቴን ቤት አየሁት። ፊት ለፊቱ ከ12 ዓመት በፊት በብሎኬት የተጨመረ ሁለት ክፍል ነው፤ ከኋላ ያለው የድሮው የጭቃ ቤት ነው። አክስቴ ወስፌውን ስጠይቃት «ደግሞ ስፌት ጀመርክ?» አለችኝ።

ጣሪያ። ቆርቆሮው በደቡብ በኩል ዝጓል። መሰላል ላይ ሆኜ እንዳየሁት ከሚስማሮቹ ብዙዎቹ የተመቱት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውሃው በሚወርድበት ሸለቆ ላይ ነው፤ የአንዳንዶቹ ጎማ ተሰነጣጥቋል። በሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት አለ። በእጄ ስነካው ደረቅ ነው፤ ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ አልዘነበም።

የሁለቱ ቤቶች መገናኛ። ብሎኬቱና ጭቃው በተገናኙበት ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ። ከታች ወረቀት ያስገባል፣ ከላይ ትንሿ ጣቴ ገባች።

የኋላው ቤት። የምዕራቡ ግድግዳ ምርጊት ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ረግፎ ማገሩ ይታያል። አሸንዳ የለውም። ጠብታው የቆፈረው መስመር ከግድግዳው አንድ ስንዝር ነው። አምስት ቋሚ እንጨት በወስፌ ወጋሁ፤ ሦስቱ መለሱት፤ አራተኛው እስከ ግማሽ ገባለት፤ አምስተኛው እስከ እጀታው ዋጠው። ሳወጣው ጫፉ ላይ እርጥብ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር። የእንጨቱ ላይኛ ክፍል ግን ሲያንኳኩት ደህና ነው፤ ሲታይም ምንም አይመስልም።

መደምደሚያ። የኋላው ቤት ከ5 ዓመት በላይ አይቆይም። ለአክስቴ በአነስተኛ ዋጋ እኔው ላድሰው እንደምችል ነግሬያታለሁ።

ቆርቆሮ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡02

ወስፌውን ታጥበህ መልስላት።

ከፈረንጅ አራዳ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡20

ጎበዝ! ቀለበት ውስጥ ቀለበት ማለትህ ደስ ብሎኛል፤ በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ መርጠቡን ያሳያል። ዛሬ ደረቅ መሆኑንና ዝናብ አለመኖሩን አብረህ መጻፍህ የባለሙያ ሥራ ነው። ስንጥቁም ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ መሆኑን መለካትህ ጥሩ ነው፤ አንደኛው ቤት ከሌላው እያዘነበለ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» በልና ተወው።

መጨረሻህ ግን እንደገና ጣለህ። አምስት ዓመት ያልከው ከየት የመጣ ነው? አትተነብይም ብዬህ ነበር። ሁለተኛ፣ የፈተሽከውን ቤት በክፍያ አድሳለሁ አልክ። የኢንተርናቺ የሥነ ምግባር ደንብ የፈተሽከውን ቤት ለ12 ወር በክፍያ እንዳትጠግን ይከለክልሃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከጥገናው የሚበላ ሰው ጉድለቱን ያበዛዋል። አክስትህ አክስትህ ናት፤ በፈተናው ላይ ግን ደንበኛ ናት። ስለ ሥነ ምግባር የሚመጡት ጥያቄዎች ቀላል ይመስላሉ፤ የአገራችን ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። ግንበኛው አይቶ፣ ራሱ ዋጋ ሰጥቶ፣ ራሱ ሲሠራ ነው ያደግነው።

አባ ቱምቢ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

ይህ ነገር ወደ እኔ ነው የተወረወረው፤ ተቀብያለሁ። እኔ አይቼ እሠራለሁ። ግን ያልታመመ ቤት ታሟል ብዬ አላውቅም፤ ሰፈሩ ያውቀኛል፤ ውሸቴን ብናገር በማግስቱ ቡና የሚያጠጣኝ የለም። እዚያ አገር ሰው ስለማይተዋወቅ ደንብ ጻፉለት።

አሁን ለልጁ አንድ ጥያቄ አለኝ። አምስት ቋሚ ወጋሁ ብለሃል። የምዕራቡ ግድግዳ ቋሚ ስንት ነው? በሰሜን በኩልስ ያለው?

የጊንጆው ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡30

አባቴ፣ በሰሜኑ በኩል ማገዶ ተከምሮበታል። የቡና እንጨትና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ እስከ ጣሪያው ክፈፍ ይደርሳል። ስላልታየኝ አለፍኩት።

ከፈረንጅ አራዳ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡41

አለፍኩት ብለህ አልጻፍክም!

ይህ ከአምስት ዓመቱም የባሰ ነው። ሪፖርትህን ያነበበ ሰው ሰሜኑ ግድግዳ ደህና ነው ብሎ ያስባል። ማገዶውን ማንሳት አይጠበቅብህም። ነገር ግን «ሰሜኑ ግድግዳ በተከመረ ማገዶ ስለተሸፈነ አልታየም፤ ማገዶ ከግድግዳ ጋር መነካካቱ ምስጥና እርጥበት ሊስብ ይችላል፤ ተነስቶ እንዲታይ ይመከራል» ማለት አለብህ። ያላየኸውን መጻፍ ከሥራው ግማሹ ነው።

አባ ቱምቢ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡00

አልታየም ብሎ መጻፍ! እጅ ለምን ተፈጠረ? አክስቱ ናት እኮ። ሁለት ሰዓት የማትሞላ ሥራ ነው። አንሳና እይ።

ከፈረንጅ አራዳ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡12

አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ለአክስት ይነሳል። እዚህ የሰው ማገዶ አንስቼ አንድ ነገር ቢሰበር ወይም እባብ ቢነድፈኝ ግን ፍርድ ቤት እንገናኛለን። እሱ የሚፈተነው በእኔ አገር ደንብ ስለሆነ ነው እንጂ እጅዎን አልናቅኩም።

አባ ቱምቢ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡25

እባብስ ጅማም አለ።

ጥያቄ አለኝ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ቆጪ አካባቢ ቤት ልንገዛ ቀብድ ለመክፈል ተዘጋጅተናል። ቤቱ በዚህ ሳምንት ነው ቀለም የተቀባው፤ ከውስጥም ከውጭም። ደላላው «አዲስ ነው የሚመስለው» ይለናል። ይህን ክር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ልይ?

አባ ቱምቢ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ልጄ፣ ሊሸጥ በሳምንቱ የተቀባ ቤት የሚናገረው ነገር አለ። ቁም ሳጥን ውስጥ ግቢ፣ ከበር ጀርባ እይ፤ ቀለም ቀቢ እዚያ ይሰንፋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያዘቅዝቅ ግድግዳው ጎን ላይ ቆመሽ ተመልከቺ፤ የተደፈነ ስንጥቅ በጎን ብርሃን እንደ ጅማት ይታያል። ዝናብ እስኪመጣ ብትታገሺ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ጅማ ውስጥ ዝናብ ለመጠበቅ ብዙ አትቆይም።

ዋስትና ገማች
እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡00

እኅቴ፣ ካርታውንና ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አረጋግጪ። ግድግዳውን እሳቸው ይዩልሽ። ባለፈው ሳምንት ደንበኛ የለም ብዬ ነበር፤ ሁለት ቀን ሳስበው ቆየሁ። ሐሙስ አንድ ቤት ለመገመት ሄጄ ሳላስበው የበሩን ጥግ ሳይ ያዝኩት ራሴን። በቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ ግን አየሁት።

የጊንጆው ልጅ
ዓርብ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፣ ከምሽቱ 2፡15

ወገኖቼ፣ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ገባሁ። 88። መብራቱ 90ኛው ጥያቄ ላይ ጠፍቶ የስልኬን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ አጋርቼ ነው የጨረስኩት። በመዋቅሩ ክፍል ምን ላድርገው ብዬ አልጠየቅኩም። አንዱ ጥያቄ ላይ ግን እጄ ወደ ስሌቱ ሲሄድ ጋሼ ትዝ አሉኝና መለስኩት። ብሔራዊው ሜሪላንድ ይጠብቀኛል፤ ማሞቂያውን ገና አላወቅሁትም፤ የደረጃውን ልክ ግን በሴንቲሜትር ወስጄዋለሁ፤ ከፍታው ከ19.7 አይበልጥም፣ መርገጫው ከ25.4 አያንስም።

የአክስቴንም ልንገራችሁ። እሑዱን ማገዶውን አነሳነው፤ እኔና ሁለት የአክስቴ ልጆች። ከጀርባው ከመሬት ተነስቶ እስከ ትከሻዬ የወጣ የምስጥ የአፈር መንገድ አገኘን፤ እንደ ጣት ወፍራም ነው። አራት ቋሚዎች ከታች ባዶ ናቸው። አክስቴ ወስፌውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ወጋችው፤ ሲገባላት ምንም አልተናገረችም። ሥራውን እኔ አልያዝኩም፤ ሌላ ግንበኛ ቋሚዎቹን ቆርጦ ከታች በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት አስቀመጣቸው፤ አሸንዳም ተገጠመ። አስተካክዬ የጻፍኩትን ሪፖርት በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሰካችው።

አባ ቱምቢ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡50

እሰይ ልጄ! ማገዶውስ?

የጊንጆው ልጅ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡58

እዚያው ግድግዳ ላይ መልሳ ከመረችው። «ዝናብ ሊመታብኝ ነው ወይ?» አለችኝ።